ንጉሡ በወሬ፣ አሽከሮቹ በዐይን

ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም፣ የግሪክ ሸክላ ከሚታይባቸው ክፍሎች አንዱ ውስጥ የገባ የኛ አገር ሰው መጀመሪያ የሚታየው፣ ሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ በጎን የተሣለ መሆኑ ነው። አንድ ዐይን፣ አንድ ጆሮ፣ ሾል ያለ አፍንጫ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ ዐይን የሚሣለው ይሁዳ ነው፤ ሰይጣን ነው፤ ሰማዕታቱን የሚያሰቃዩት ወታደሮች ናቸው። ጻድቁ ሁለት ዐይኑን ከፍቶ ፊት ለፊት ያይሃል። አርሲ፣ ሁሩታ ሳድግ ቅዳሴው ሲረዝምብኝ ግድግዳውን እያየሁ ደጉን ከክፉው በዐይን ቁጥር መለየት ለምጄ ስለነበር፣ አኪሌስንና ሄራክሌስን ባለ አንድ ዐይን ሆነው ሳገኛቸው ለጊዜው ከማን ወገን እንደምመድባቸው ግራ ገባኝ። ይህንኑ አብራኝ ለነበረችው ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። ለንደን ብዙ ዓመት ኖራለች። "ጋሼ፣ እዚህ አገር እኮ ሁሉም ሰው በጎን ነው የሚያየን" አለችኝና ስልኳን መነካካት ቀጠለች።

ወደዚያ ያመጣኝ ሌላ ጉዳይ ነው። የእኔ ዘመን ተማሪ "ሆሜር እንኳ አንሥቶናል" እየተባለ ነው ያደገው። እውነት ነው። በኢሊያድ መጀመሪያ ላይ ዜውስ አማልክቱን አስከትሎ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግብዣ ሄዷል፤ የሚመለሰውም በ12ኛው ቀን ነው ይላል። በኦዲሴ ደግሞ የባሕሩ አምላክ ፖሴይዶን እነዚሁ ሰዎች ድግስ ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው ሌሎቹ አማልክት ተሰብስበው ስለ ኦዲሴዎስ መመለስ የመከሩት። ይህን ስንሰማ ደረታችን ይነፋል። ነገር ግን የዚያ ዘመን ግሪካዊ "ኢትዮጵያዊ" ሲባል ምን ዓይነት ፊት ይታየው እንደነበር ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። ግጥሙ ፊት አይሥልም። ሸክላው ይሥላል።

የፈለግሁት ዕቃ የኤክሴኪያስ ነው። ይህ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ540ዎቹና በ530ዎቹ ዓመታት አቴና ውስጥ ይሠራ የነበረ ሸክላ ሠሪና ሠዓሊ ሲሆን፣ በጥቁር ቀለም ከሚሥሉት ሁሉ የሚስተካከለው የለም የሚሉት ብዙ ናቸው። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ እላለሁ። ዕቃው ሁለት ጆሮ ያለው፣ አንገቱ ጠበብ፣ ሆዱ ሞላ ያለ፣ እኛ ብናገኘው ገንቦ የምንለው ዓይነት ነው። በአንደኛው ጎን አኪሌስ የሴት ጦረኞቹን የአማዞኖችን ንግሥት ፔንቴሲሌያን ሲገድል ይታያል። ጎብኚው ሁሉ የሚቆመው በዚህ በኩል ነው። ዞሮ ጀርባውን ላየ ሰው ግን የኢትዮጵያውያኑ ንጉሥ ሜምኖን በሁለት አጃቢዎቹ መሀል ቆሟል።

ሜምኖን ማን ነው? እናቱ የንጋት አምላክ ኤኦስ ናት። አባቱ ቲቶኖስ የትሮይ ንጉሥ የፕሪያም ወንድም ነው። ትሮይ በግሪኮች ተከባ፣ ትልቁ ጀግናዋ ሄክቶር ከወደቀ በኋላ፣ ሜምኖን የኢትዮጵያውያንን ጦር እየመራ ለአጎቱ ይደርሳል። የሽማግሌውን የኔስቶርን ልጅ አንቲሎኮስን ይገድላል፤ እሱን ደግሞ የአንቲሎኮስ ወዳጅ አኪሌስ ይገድለዋል። ይህን ታሪክ የሚተርክ አይቲዮፒስ የሚባል ረጅም ግጥም ነበር። ግጥሙ ጠፍቶ የቀረው ባጭሩ የተጻፈ ፍሬ ነገሩ ብቻ ነው። በስማችን የተጠራው መጽሐፍ ጠፍቶ ሌሎቹ መትረፋቸው ትንሽ ሳያናድደኝ አልቀረም። ኦዲሴ ውስጥ ግን ኦዲሴዎስ ስለ አንድ ቆንጆ ወጣት ሲናገር፣ ከሜምኖን በቀር እንደሱ ያለ መልከ መልካም አላየሁም ይላል።

አሁን ሥዕሉን እንይ። ጥቁር ቀለም በሚባለው አሣሣል ወንድ ሁሉ ጥቁር ነው። አኪሌስም ጥቁር ነው፣ ዜውስም ጥቁር ነው፤ ሴት ደግሞ ነጭ ትቀባለች። ስለዚህ ሠዓሊው "ይህ ሰው ከጥቁሮች አገር ነው" ለማለት ቀለም አይረዳውም። ያለው መላ በሹል ብረት ቀለሙን እየጫረ የፊትን ቅርጽ ማውጣት ነው። ኤክሴኪያስም ይህንኑ አድርጓል። የሁለቱ አጃቢዎች ጸጉር የተጠቀለለ፣ አፍንጫቸው ሰፋ፣ ከንፈራቸው ወፈር ያለ ነው። ማንም በእነሱ አይሳሳትም። መሀል ላይ የቆመው ንጉሣቸው ግን ከእግሩ እስከ ራሱ የግሪክ ጦረኛ ነው፤ ትጥቁ ግሪክ፣ አቋሙ ግሪክ። ስሙን ካላወቅህ ከአኪሌስ የምትለይበት ነገር የለም።

እዚያ ቆሜ ብዙ አሰብሁ። እነዚያን ሁለት ሰዎች ኤክሴኪያስ አይቷቸዋል፤ ወይም እነሱን የመሰሉ ሰዎች አይቷል፤ ወይም ካየ ሰው ተምሯል። ይህ የሚያስገርም አይደለም። በዚያ ዘመን ግሪኮች ግብፅ ውስጥ ናውክራቲስ የምትባል የንግድ ከተማ ነበረቻቸው። ከዚያም ቀድሞ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ590ዎቹ፣ የግሪክ ቅጥረኛ ወታደሮች ከፈርዖን ፕሳሜቲክ ሠራዊት ጋር በኩሽ ላይ ዘምተው ሲመለሱ፣ አቡ ሲምበል ባለው የራምሴስ ሐውልት እግር ላይ ስማቸውን ጭረው ሄደዋል። የጥቁር ሰው ፊት አቴና የደረሰው በእንዲህ ያለ መንገድ ነው። ሜምኖንን ግን ያየው የለም። ሜምኖን የአዝማሪ ወሬ ነው። ወሬው ደግሞ ታላቅ ነው፣ ውብ ነው፣ የአምላክ ልጅ ነው ይላል፤ ሠዓሊው ታላቅና ውብ ሰው ሣል ቢሉት የሚሥለው የራሱን ወገን ነው። ንጉሡን በወሬ ሣለው፣ አሽከሮቹን በዐይኑ።

ከአጃቢዎቹ አጠገብ "አማሲስ" የሚል ስም ተጽፏል። ፊላዴልፊያ ባለ ሌላ የኤክሴኪያስ ሸክላ ላይም "አማሶስ" የተባለ ኢትዮጵያዊ አለ፤ ግሪካዊው ጦረኛ ምኒላዎስ ሲያጠቃው ነው የሚታየው። አማሲስ የዘመኑ የግብፅ ፈርዖን ስም ነበር፤ አቴና ውስጥ ደግሞ በዚሁ ስም የሚጠራ፣ የኤክሴኪያስ ተፎካካሪ የሆነ ሸክላ ሠሪ ነበር። ሊቃውንቱ አንዱ ሸክላ ሠሪ በሌላው ላይ የቀለደው ቀልድ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ቀልዱ እውነት ከሆነ የሚያስቀው ሁለቱን ሠፈርተኞች ብቻ ነበር፤ አሁን ግን መላው ዓለም በመስታወት ውስጥ ያነበዋል።

ስለ አሠራሩ ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም ሁሩታ ገበያ ጀበናና ምጣድ ደርድረው ሲሸጡ ያየኋቸው ሴቶች ይህን ቢያዩ ከእኔ የበለጠ ይገባቸው ነበር። ያ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ነገር ቀለም አይደለም። ከዚያው ከሸክላው አፈር ተበጥብጦ፣ ዝቃጩ ተለይቶ የተወሰደ በጣም የላመ ጭቃ ነው። አፈሩ ብረት አለበት። ዕቃው እቶን ውስጥ መጀመሪያ አየር እየገባ ሲቃጠል ሁሉም ይቀላል። ከዚያ የእቶኑ ቀዳዳ ይደፈንና እርጥብ እንጨት ይጨመራል፤ ጭሱ ታምቆ ሁሉም ይጠቁራል፣ የላመው ጭቃም በሙቀቱ እንደ መስታወት ይገጥማል። መጨረሻ ላይ ቀዳዳው እንደገና ሲከፈት ያልተቀባው ገላ ወደ ቀይነቱ ይመለሳል፤ የገጠመው ግን አየር ስለማያስገባ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። የእኛ ሴቶች እቶን የላቸውም፤ ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ነው የሚያቃጥሉት። ነገር ግን ጥቁር ጀበና ሲፈልጉ ትኩሱን ዕቃ ቅጠልና ገለባ ውስጥ አፍነው ያጨሱታል። ጭስን አፍኖ ማጥቆሩ አንድ ነው። የአቴናው ሰው የጨመረበት አንዱን ክፍል አጥቁሮ ሌላውን ማቅላትን ነው።

አንድ ነገር ግን አይመሳሰልም። ኤክሴኪያስ በዕቃዎቹ ላይ "ኤክሴኪያስ ሠራኝ" ብሎ ጽፏል። በአቴናም ቢሆን በእጁ የሚያድር ሰው ከባለ መሬቱ ጋር እኩል የሚከበር አልነበረም፤ ስሙን መጻፍ ግን ማንም አልከለከለውም። በእኛ አገር ሸክላ የሚሠራ ሰው ቡዳ ነው ተብሎ ከማኅበር ሲገለል፣ ልጁን የሚያገባ ሲጠፋ ኖሯል። ቡናችንን የምንጠጣው ስሟን ከማናውቃት፣ ልናውቃትም ካልፈለግናት ሴት ጀበና ነው። ሥራው ጥበብ ነው፣ ሠሪዋ ቡዳ ናት ብሎ ማመን እንዴት እንደተቻለ ዛሬም አይገባኝም።

በሌላ መደርደሪያ የአንድሮሜዳ እንስራ አለ። ቃሉን ያለ ምክንያት አላመጣሁትም፤ ዕቃው የውኃ ነው፣ ለማንሻ ሁለት፣ ለመቅጃ አንድ ጆሮ አለው። የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ440 ገደማ፣ የአሣሣሉ ዘዴ ከተገለበጠ በኋላ ነው፤ አሁን መደቡ ጥቁር ሆኖ ሰዎቹ የሸክላውን ቀይ ገላ ይዘው ይወጣሉ። ታሪኩ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ንግሥቲቱ ካሲዮፔያ በውበቷ ከባሕር ልጃገረዶች እበልጣለሁ ብላ ስትኩራራ ፖሴይዶን ተቆጥቶ የባሕር አውሬ ላከ፤ አገሩ እንዲተርፍ ልጃቸው አንድሮሜዳ ለአውሬው እንድትሰጥ ተፈረደ፤ ፔርሴዎስ የተባለ ወጣት ግን አውሬውን ገድሎ አዳናት። እንስራው ላይ ጥቁር አሽከሮች ግራና ቀኝ ክንዷን ይዘው ይደግፏታል፤ ሌሎች የምትታሰርበት እንጨት የሚቆምበትን ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ ሌሎችም ዕቃ ተሸክመው ይመጣሉ። በዚያው ሰሞን ሶፎክሌስ ስለ አንድሮሜዳ ተውኔት ጽፎ ነበርና ሥዕሉ ከመድረክ ሳይወሰድ አይቀርም የሚሉ አሉ። ቦስተን ሙዚየም ባለ ሌላ የዚያው ዘመን ዕቃም አሽከሮቹ ከእንጨት ጋር ሲያስሯት ይታያል።

ያው ነገር እዚህም ተደገመ። ሠራተኞቹ አፍሪካውያን ናቸው፣ ያውም ልብ ተብለው የታዩ። ልዕልቲቱ ግን ጥቁር አይደለችም። የለበሰችው የፋርስ ሰዎችን የመሰለ ሱሪና እጀ ጠባብ ነው፤ "ከሩቅ አገር ነኝ" የምትለው በልብሷ እንጂ በፊቷ አይደለም።

ሥዕሉን ፎቶ አንሥቼ ሳየው ግን የመጣብኝ ሌላ ሥዕል ነው፤ ማንም ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን የሚያውቀው። ነጭ ፈረስ፣ ጦር፣ ከእግሩ ሥር የሚጠማዘዝ ዘንዶ፣ ዛፍ ላይ ወጥታ የምታይ ልጃገረድ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስና ብሩታዊት። ለአውሬ የተሰጠች የንጉሥ ልጅ፣ ከውጭ የሚመጣ ወጣት፣ የሚገደል አውሬ። ሁለቱን ታሪኮች የሚያዛምዱ ተመራማሪዎች ጥቂት አይደሉም፤ ማስረጃቸውም ቀላል አይደለም። ከግሪክና ከሮም ጸሐፍት አንዳንዶቹ አንድሮሜዳ የታሰረችበት ዓለት ያለው ኢዮጴ ላይ ነው ብለዋል፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ መቃብር ያለባት ልዳ ደግሞ ከኢዮጴ ብዙም አትርቅም። የግሪኩ ሠዓሊ የኢትዮጵያን ልዕልት በባዕድ ልብስ ሣላት፤ የኛ ሠዓሊ ደግሞ የቤይሩቷን ልጅ ሹሩባ ሠርቶ፣ የሐበሻ ቀሚስ አልብሶ ዛፍ ላይ አወጣት። እኔ በበኩሌ የኛውን ሠዓሊ አደንቃለሁ፤ ባዕዷን ዘመድ አድርጓታል። ስም መጻፉ ላይም ይመሳሰላሉ። በርሊን ሙዚየም ያለ የቆሮንቶስ ሸክላ ላይ፣ ፔርሴዎስ በአውሬው ላይ ድንጋይ እየወረወረ፣ የእያንዳንዳቸው ስም ከአጠገባቸው ተጽፏል፤ የአውሬውም ጭምር። የኛም ሠዓሊ "ዘከመ"፣ እንዲህ እንደሆነ፣ ብሎ ካልጻፈበት ሥዕሉን ጨረስሁ አይልም።

በመንገዳችን የሩጫ ሽልማት ገንቦ አየን። በአቴና የፓናቴናያ በዓል ያሸነፈ ሰው የሚሸለመው ዘይት የሞላበት ዕቃ ነው፤ በአንድ ጎን አቴና የምትባለው አምላክ፣ በሌላው የተወዳደረበት ስፖርት ይሣልበታል። የአርሲ ሰው ሯጭ አይቶ አያልፍም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ333 የተሠራው ላይ የሚሮጡት የረጅም ርቀት ሯጮች ናቸው፤ እንዴት አወቅህ ቢሉኝ፣ ክንዳቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ጎናቸው ሰብስበዋል፤ የአጭር ርቀቱ ሯጭ እጁን ይወረውራል። የአርሲው ሯጭ ቀነኒሳ በ2004 እ.ኤ.አ. በዚያችው አቴና በ10,000 ሜትር ሲያሸንፍ እንዴት እንደሮጠ ያስታወሰ ይገባዋል። የእህቴ ልጅ ስልኳን ትታ ያየችው ይህን ብቻ ነው።

ከዚያ ሙዚየም ሳልወጣ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ከመቅደላ በ1868 እ.ኤ.አ. ተዘርፈው የወጡ 11 ታቦታት እዚያው ቤት ውስጥ አሉ። ለማንም አይታዩም፤ መታየትም የለባቸውም፤ መመለስ ግን አለባቸው። የኤክሴኪያስ ገንቦም ኢጣሊያ ውስጥ ቩልቺ ከሚባል ቦታ ከኤትሩስካውያን መቃብር የወጣ ነው። አቴና ተሠርቶ በንግድ ኢጣሊያ ገብቶ፣ ከሙታን ጋር ተቀብሮ፣ ለንደን ደረሰ። መሸጥና መዘረፍ አንድ ስላልሆነ ሁለቱን አላነጻጽርም፤ ግን በአንድ ጣሪያ ሥር ስለ ሜምኖን እያደነቁ ስለ መቅደላ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ፓሪስ የሄድኩት ለአንድ ዋንጫ ነው። ሉቭር ውስጥ ያለው ይህ የወይን መጠጫ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 እና በ480 መካከል የተሠራ ሲሆን ሸክላ ሠሪው ካሊያዴስ፣ ሠዓሊው ዱሪስ ነው፤ ሁለቱም ስማቸውን ጽፈዋል። የተገኘው ኢጣሊያ፣ ካፑዋ ነው። ሥዕሉ የዋንጫው ወለል ላይ ስለሆነ ጠጪው የሚያየው ወይኑን ጨርሶ ሲመጣ ነው። ባለ ክንፏ ኤኦስ ጎንበስ ብላ የልጇን ሬሳ ታነሣለች። ሜምኖን ጥሩሩ ተገፎ ራቁቱን ነው፤ ክንዶቹ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል፣ አንገቱ ዘንበል ብሏል። ፈረንጆቹ ማርያም የክርስቶስን ሥጋ ታቅፋ ከምትታይበት ሥዕል ጋር እያመሳሰሉ ይጠሩታል። ሁሩታ ግድግዳ ላይ ያደገ ሰው ይህን ሊነግሩት አያስፈልግም።

እዚህም ሜምኖን ጥቁር አይደለም፤ ዋንጫው ላይ ሁሉም የሸክላውን ቀለም ይዟል። የተሣለው በጎን ነው፣ አንድ ዐይን። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ወገኑ የማን እንደሆነ አልጠፋኝም። በተረቱ ላይ እናቱ ዜውስን ለምና ከሞት በኋላ ሕያውነትን አስገኘችለት፤ በኋላ ዘመን ገጣሚዎች ደግሞ የንጋት ጤዛ የእሷ እንባ ነው አሉ። ከጭላሎ ተራራ በታች ያለ የስንዴ ማሳ ውስጥ በጠዋት የገባ ሰው ያ ምን ያህል እንባ እንደሚሆን ያውቃል። ዱሪስ ግሪካዊ ነው፤ የሣለው የጠላት ወገንን ንጉሥ ነው፤ ያዘነው ግን ከእናቱ ጋር ነው። ለዚህ ስል ልብስና አፍንጫውን ይቅር እላለሁ።

ያቺ "ኢትዮጵያ" ግን የኛዋ ናት ወይ? አዎ ወይም አይደለም ብሎ በቀጥታ መመለስ አይቻልም። ለግሪኮች ስሙ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር ሁሉ፣ በተለይም የኩሽና የመሮዌን መንግሥት ይመለከት ነበር፤ ሜምኖንን ደግሞ ከፋርሷ ሱሳ ያመጡት ጸሐፍትም አሉ። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዘመን በግሪክኛ ባስቀረጸው ጽሑፍ ከሚገዛቸው ሕዝቦች መሀል ኢትዮጵያውያንን ይቆጥራል። ስሙን በይፋ ወስደን መጥሪያችን ማድረግ የጀመርነው በዚያ መንገድ ነው። ስለዚህ ሜምኖን የሁሩታ ልጅ ነው ብዬ አልከራከርም፤ የሁሩታ ልጅ ግን የማያገባው እንግዳ አይደለም።

ይህን ስጽፍ ደስ የሚለኝ ሌላ ዕቃ አለ፤ በፎቶ ነው የማውቀው። ሶታዴስ የሚባል የአቴና ሸክላ ሠሪ በ5ኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የሠራው የመጠጫ ቀንድ ሲሆን፣ ከሥሩ ፈረስ ላይ የተቀመጠች አማዞን አለች። የተቆፈረው መሮዌ፣ በዛሬዋ ሱዳን፣ ከመቃብር ውስጥ ነው፤ አሁን ቦስተን ነው ያለው። የግሪክ ተረት የተሣለበት ሸክላ በግሪኮቹ ዘንድ ኢትዮጵያ የተባለው አገር ድረስ ደርሶ፣ እዚያ ያለ ባለጸጋ ወዶት ከራሱ ጋር አስቀብሮታል። እነሱ እኛን እየሣሉ ሳለ እኛም እነሱን እናይ ነበር ማለት ነው።

የታሪክ መጽሐፍ ለምታዘጋጁ ሰዎች አንድ ልመና አለኝ፤ "ሆሜር አንሥቶናል" የሚለው አንቀጽ ጎን የኤክሴኪያስን ሁለት አጃቢዎች አትሙልን፤ ተማሪው ንጉሡንም አሽከሮቹንም አይቶ ይፍረድ። ለንደን ያላችሁ ደግሞ ብሪቲሽ ሙዚየም መግቢያው ነጻ ነው፤ ገንቦው ቢ 209 ይባላል፣ እንስራው ኢ 169። ገንቦው ጋ ስትደርሱ ከፊቱ አትቁሙ፣ ዞራችሁ ጀርባውን እዩ። የፓሪሱ ዋንጫ ጂ 115 ነው፤ ሉቭር ማክሰኞ ማክሰኞ ዝግ ነው።